ሳነቴን ሁለት ጊዜ የተሻገረ ደም

ከባሌ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ "ቀይ ቀበሮ አየሽ?" ይለኛል። አላየሁም። ለሽርሽርም አልሄድኩም። የሄድኩት አንድ ሰው ዘንድ ነው፣ ያውም ራሴ ባጠፋሁት ጥፋት። ሰው ጥፋቱን በስልክ ቢያስተካክል ደስ ይለው ነበር፤ የኔ ግን በስልክ የሚስተካከል አልሆነም።

አዲስ አበባ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የደም ካንሰር ያለባቸውን አዋቂዎች ደም እንመረምራለን። የደም ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። በሳምንታት ውስጥ የሚጥል አለ፤ እያዘገመ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚያረጅም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሕዋሱ ታይቶ፣ በላዩ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ተለይተው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በደሙ ውሃ ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን በየጊዜው እየለካን፣ በሽታው ተኝቷል ወይስ ነቅቷል የሚለውን እንከታተላለን።

ኦቦ ቃሲም (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ) የሚያዘግመው ዓይነት ነው ያለባቸው። የሃረና ሰው ናቸው፤ የጫካ ቡና ይለቅማሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ። ሦስት ዓመት ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ኖረዋል። በየስድስት ወሩ አንገቱ በምትባለው ትንሽ ከተማ ደማቸው ይቀዳና በመኪና ይላክልናል። ባለፈው የተላከው ላይ ኤል ዲ ኤች የምንለው ፕሮቲን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ይህ ፕሮቲን ሕዋስ ሲሞት ከውስጡ የሚፈስ ነው፤ በዛ ማለት በሽታው ነቃ ማለት ሊሆን ይችላል። ቤታ ቱ የምንለው ሁለተኛው ፕሮቲን ደግሞ ኬሚካሉ አልቆ ስለነበር አልተሠራም። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ፈረምኩና እዚያ ላለችው ነርስ፣ ለሲስተር ዘነበች፣ "ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባ ይምጡ" ብዬ ደወልኩ።

እሳቸው አልመጡም። "ሞቴ ከደረሰ ቤቴ ያግኘኝ" አሉ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ እሳቸውን የሚከታተለው ሐኪም "ለመሆኑ ናሙናው ምን ይመስል ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። የተረፈውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወደ መብራት አነሳሁት። ቢጫ መሆን የነበረበት የደም ውሃ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀልቷል። ደሙ ሳይጣራ ነው የተላከው፤ ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች ሲናጥ ቀይ ሕዋሶቹ ብልቃጡ ውስጥ ፈርሰዋል። እነሱም በውስጣቸው ኤል ዲ ኤች ሞልቷቸዋል። እንግዲህ ያ ቁጥር የመንገዱ ሊሆን ይችላል። የኦቦ ቃሲምም ሊሆን ይችላል። የሚለየው እንደገና ተቀድቶ፣ እዚያው ተጣርቶ የመጣ ደም ብቻ ነው። ብልቃጥ ወደ መብራት አንስቶ ማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ለተማሪ የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር ነው። አፈር ልብላ!

"እኔ ልሂድ" አልኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ዕቃዬ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጋቢና አንዲት ትንሽ ሴንትሪፊውጅ ነበር። ሴንትሪፊውጅ ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ ቀዩን ከቢጫው የሚለይ ማሽን ነው፤ የእኔዋ የሁለት ኪሎ ወጥ ድስት ታህላለች። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫናት አለ፤ "ከራሴ ጋር ካልሆነ አይሆንም" ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ አሰላ ሲያዩዋት ቆዩና፣ "ልጄ፣ ይቺ በኤሌክትሪክ የምትሠራዋ ድስት ናት? ሥጋ በስንት ደቂቃ ታበስላለች?" አሉኝ። ደም ማጣሪያ ናት ብላቸው ምሳቸው እንዳይበላሽ ሰግቼ፣ "ሞክሬያት አላውቅም" አልኩ። በቆጂ ሲወርዱ "እህል ውሃ የምታይባት ያድርግልሽ" ብለው መረቁኝ።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ገብስና ብርድ አይቼ አልደነቅም። ከአዳባ አልፈን ዲንሾ ስንደርስ መልኩ የአገሬን መሰለኝ፤ የአገሬ ጭጋግ፣ የአገሬ ፈረሰኛ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሜዳው በድንጋይ ካብ የተቆራረጠ ነው፤ ሮቤ አካባቢ ግን ስንዴው ዓይን እስኪደክም ይሄዳል፣ ኮምባይነሩም መሐሉ ገብቶ አሻንጉሊት ያህላል። ሮቤ የገባሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ሙቅ ውሃ አለ ብላኝ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍቼ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ነገርኳት። ሳትናደድ ሄዳ በፌስታል ያሸገችውን ባልዲ ሙቅ ውሃ ራሷ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። "ማሽኑ ይዋሻል፤ እኔ አልዋሽም" አለችኝ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር ልትናገር አትችልም ነበር፤ እሷ ምን ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ጎባ ገባሁ። ጎባ ያረጀች፣ ባሕር ዛፍ የከበባት፣ ቢሮና ትምህርት ቤት የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃንን ዳገት ላይ ያስቀመጧት ትመስላለች። ቀድሜ በስልክ የተነጋገርኩት ሾፌር ጋሽ ሁሴን ላንድክሩዘሩን አሙቆ ጠበቀኝ። ስልሳ የሚሆነው፣ ኮፊያ የደፋ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

"ዶክተር፣ ካፖርት የለዎትም?"

"ዶክተር አይደለሁም። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ አያስፈራኝም።"

"እሺ ዶክተር" አለና መስኮቱን ዘጋ።

ሳነቴ በሚባለው ከፍታ ሜዳ ላይ ለደቂቃ ከመኪና ወርጄ ነበር። በወገቤ ዞሮ በጆሮዬ የወጣ ነፋስ ነው የገጠመኝ። የጅብራው ተክል ብቻውን ቆሟል፤ ሌላ ምንም የለም፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ። ራሴን ወጋኝ፣ ትንፋሼ አጠረኝ፣ ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ሁሴን ከመቀመጫው ሥር የራሱን ካፖርት አውጥቶ ደረበልኝ። "ደብረ ብርሃን ሰላም ናት?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከሳነቴ ቁልቁል ወደ ሃረና ሲወረድ አገሩ ይለወጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካፖርቱን፣ ጋቢውን፣ ሹራቤን አወለቅኩ። ዛፉ ሁሉ ፂም አለው፤ ፀሐይዋ መንገዱ ላይ እንደ ሳንቲም ተበታትና ነው የምትወርደው። መንገዱስ? እሱን አታንሱብኝ። ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈን ጎማ ፈነዳብን። ጎማው እስኪቀየር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያን ብልቃጥ አሰብኩት። በዚህ መንገድ ላይ የእኔ አንጀት እንኳ ቦታውን ለቋል፤ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ደም እንዴት ይቻለው? ተስፋ አደረግሁ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ በሽታውም ነቅቶ ቢሆንስ?

አንገቱ የደረስነው ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። ሲስተር ዘነበች ቤቷ አሳደረችኝ። የወላይታ ልጅ ናት፤ እዚህ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦሮምኛዋን የሰማ እዚሁ የተወለደች ነው የሚለው። ቆጮ እዚህ አይገኝም ብላ እያዘነች በሽንብራ ዱቄት ሽሮ ሠራችልኝ። ስንበላ፣ "እኔ ነኝ የነገርኳቸው" አለችኝ። "ከፍ ብሏል ስላቸው፣ 'ስንት ጊዜ አለኝ?' አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ያን ቀን ቀልዳቸው ቀረ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘኒ።"

"ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለእሳቸው ንገሪያቸው።"

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ቃሲም ቤት ሄድን። ቤታቸው ከተማው ዳር፣ ከመስጊዱ ጎን ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የከተማ ነው፤ ስሜት ሲገባቸው ወደ ኦሮምኛ ያዘነብላሉ። "ባጋ ነጋያን ዱፍተ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ እንኳን በሰላም መጣሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሚስታቸው አዴ ፋጡማ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለእንግዳ የሚሆን ሊያበስሉ ወደ ጓሮ ሄዱ።

ምላሴ ሳይታሰር ተናገርኩ። ብልቃጡን ሳላይ መፈረሜን፣ ደሙ ፈርሶ እንደነበር፣ ቁጥሩ የመንገድ ሊሆን እንደሚችል፣ እርግጠኛ ግን እንዳልሆንኩ።

"እንግዲህ ሳልሞት ገደልሽኝ በይኛ" አሉ።

"ይቅርታ፣ ኦቦ።"

"እኔ እኮ አካፍያለሁ። ያ ወሬ በመጣ በሳምንቱ ሽማግሌ ጠራሁ። የቡናውን ጫካ ለሦስቱ ወንዶች፣ ቀፎዎቹን ለሴቷ ልጄ ሰጠሁ። ፋቲሃ ተቀርቶ፣ ተመርቆ አለቀ።"

"በሽታው ካልተነሳ ልጆችዎ ይመልሱልዎት የለም እንዴ?"

"ይመልሱታል። የምቀበለው ግን እኔ ነኛ! አባት ለልጁ በሽማግሌ ፊት የሰጠውን ተመልሶ ሲቀበል አይተሽ ታውቂያለሽ? ነውር ነው።" ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ቅጂ በይ። ግን አንድ ነገር አለኝ። ያንቺም ይቀዳ።"

"የኔ?"

"አዎ። የኔን እዚህ ታጣሪያለሽ አይደል? ያንቺ ሳይጣራ ይሂድ፣ የኔ ያኔ እንደሄደው። ይኼ መንገድ የሐኪም ደም ያከብር እንደሆነ እንየው።"

ዘነበች አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሃያ ዓመት ላቦራቶሪ የኖርኩት እኔ ያላሰብኩትን ነው ያሰቡት። ማነጻጸሪያ የምንለው ይኸው ነው። ክንዴን ሰጠሁ። ዘነበች የሁለታችንንም ቀዳች፣ በወፍራም መርፌ፣ ሳትቸኩል።

ደም እንዲረጋ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ መሽከርከር አለበት። ሴንትሪፊውጇን ልሰካ ስል መብራት የለም። ከማክሰኞ ጀምሮ የለም። ጤና ጣቢያውም መብራት የለውም። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምሳደብ ሰው እዚህ መሰኪያውን ይዤ ቆምኩ። ኦቦ ቃሲም ተነስተው ጫማቸውን አጠለቁ። "ጀነሬተር ያለው መስጊድ ነው። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ለአዛን ከመነሳቱ በፊት እንድረስ" አሉ።

ኢማሙ ነገሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ገባቸው። ሽማግሌዎች ለሶላት ቀድመው መጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከበሩ ውጪ ቀረሁ። ኢማሙ ገመዱን እስከ ግቢው አጥር ድረስ አስወጡልኝና ጀነሬተሩን ራሳቸው አስነሱ። "እስከ አዛን ድረስ ያንቺ ነው" አሉኝ። ሴንትሪፊውጇን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ከኦቦ ቃሲም ብልቃጥ ትይዩ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ሚዛን እንድትይዝ ከትቼ፣ ክዳኗን ዘጋሁ። አሥር ደቂቃ። ሽማግሌዎቹ አጥር ላይ ተደርድረው ዓይናቸውን አልነቀሉም። አንዱ "ቅቤ ነው የሚወጣው?" ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው "ዝም በል፣ የቃሲም ነፍስ ናት" አለው።

ሴንትሪፊውጇ ቆመች። ብልቃጡን አወጣሁና በሁሉም ፊት ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ከታች ቀዩ ተቀምጧል፤ ከላይ ቢጫ፣ የጠራ፣ ብርዝ የመሰለ። "ማሻ አላህ" ተባለ።

"ቢጫው ጥሩ ነው?" አሉ ኦቦ ቃሲም።

"አልተበላሸም ማለት ብቻ ነው። ደህና መሆንዎን የሚነግረን አዲስ አበባ ያለው ማሽን ነው። እስከዛሬ የለካንዎት በእሱ ስለሆነ፣ ከሌላ ጋር አይመዛዘንም።"

"እኔም ቸኩዬ አላውቅም" አሉና ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ሊታጠቡ፣ ሄዱ። ውሸታቸውን ነበር፤ ሁለቴ ዞረው ብልቃጡን አዩት።

አዴ ፋጡማ ምሳ አቀረቡ። ዓርብ እንደምጾም ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ጎደሬ፣ በርበሬ በውሃ፣ ከዚያ የጫካ ማር። እኛ አገር ጎደሬ አይታወቅም፤ ድንች ነው ብዬ ስነክስ አታለለኝ። "ብዪ፣ ብዪ፣ ከሲታ ነሽ" እያሉ ሦስቴ ጨመሩልኝ። ስለ ጥፋቴ ምንም አልሰሙም ነበር። ልነግራቸው ስል ኦቦ ቃሲም በዓይናቸው ያዙኝ። "ውጤቱ ይምጣ" አሉኝ ቀስ ብለው። እኔም እውነቱን ዋጥኩና ማሩን ላስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አልጣፈጠኝም።

ቅዳሜ፣ እዚያው ከጠበቀኝ ከጋሽ ሁሴን ጋር ተመለስን። የተጣራው የኦቦ ቃሲም ደም ውሃ በሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ነበር፤ አንዱ ለቤታ ቱ፣ ዘነበች በላምባ ከሚሠራው የክትባት ፍሪጅ በረዶ ሞልታ በሰጠችኝ ሳጥን፣ አንዱ ለኤል ዲ ኤች። ኤል ዲ ኤች ብርድ አይወድም። ስለዚህ ሳነቴን ስንሻገር በመሐረብ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ጋቢውንና የጋሽ ሁሴንን ካፖርት ደረብኩበት። የራሴ ደም ከኋላ መቀመጫ ላይ ሳይጣራ እየተንገጫገጨ ነበር።

"ዶክተር፣ የሰውን በእቅፍ፣ የራስዎን ከጎማ ጋር?" አለ ጋሽ ሁሴን።

"ቅጣቴ ነው።"

"የፈረደብዎ ማን ነው?"

"ኦቦ ቃሲም።"

"ቀላል ፈረዱ" አለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጎባ ድረስ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ለእርስዎ ደም!" እያለ ገባበት። ጎባ ስንደርስ ለካፖርቱ አመስግኜ ልመልስለት ብል እምቢ አለ። "ሮቤም ብርድ ነው፤ ለሚኒባሱ ሾፌር ይስጡልኝ፣ እሱ ያደርስልኛል" አለ። እንደተባልኩት አደረግሁ። አዲስ አበባ ለማያውቁት ሾፌር ካፖርት ቢሰጡ ካፖርቱም ሾፌሩም አይገኙም።

እሑድን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ስለ እሑድ የምጽፈው የለኝም፤ ብልቃጡ ደረቴ ውስጥ መኖሩን በየአሥር ደቂቃው እየነካሁ ነው የመጣሁት።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም መብራት ፊት ደረደርኳቸው። የኦቦ ቃሲም ሁለቱም ቢጫ። የራሴን አሽከርክሬ አወጣሁት፤ ቀይ ሥር። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ፤ ቁጥሩ እስኪወጣ ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የኔ ኤል ዲ ኤች ከእጥፍ በላይ። ወረቀቱን ብቻ አይቶ የሚፈርም እንደኔ ያለ ሰው ቢገኝ፣ እኔ ዛሬ በጠና ታምሜያለሁ። የኦቦ ቃሲም ኤል ዲ ኤች እንዳምናው ነው። ቤታ ቱም እንዳምናው። ሐኪሙ ሁለቱንም አየና "አልነቃም፤ ክትትሉ ይቀጥል" ብሎ ፈረመ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ደወልኩ።

"ኦቦ፣ ደህና ነዎት። እንዳምናው ነው። ያ ቁጥር የመንገዱ ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠው በዓረብኛ ሲያመሰግኑ ሰማሁ። ሲጨርሱ "ሄሎ" አልኩ።

"አለሁ። ያንቺስ?"

"የኔ ፈርሷል። እንደ እርስዎ እጥፍ ሆነ።"

ሳቁ። ዘነበች ቀረ ያለችኝ ቀልድ የተመለሰ መሰለኝ። "መንገዱ አያዳላም ማለት ነው። በይ፣ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ጫካው የልጆቼ ሆኖ ቀርቷል፤ ከነገ ጀምሮ ለትልቁ ልጄ ቡና እለቅማለሁ፣ ምን አለበት፣ ከቡናው ጋር ነኝ። ለፋጡማ ግን ስለ ጥፋትሽ ምንም አልነገርኳትም። አንቺው ንገሪያት" አሉና ስልኩን ሰጧቸው።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሳላይ መፈረሜንም። አዴ ፋጡማ እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከስልኩ ራቅ ብለው ሲሄዱ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

"ልጄ፣ እሱ የማያውቀው ነገር አለ። ያ ወሬ የመጣ ዕለት ገበያ ወርጄ የሚቀበርበትን ነጭ ጨርቅ፣ ከፈኑን ገዝቼለታለሁ። ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር ነው። አሁን ምን ላድርገው?"

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ማሽን የለንም።

"ይቆይ፣ አዴ ፋጡማ" አልኳቸው። "ይቆይ፤ ብል እስኪበላው ይቆይ።"

"አሚን" አሉ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።